ወደ ላይ የሚሄድ ሥር

ጎረቤቴን የመስኖ መሬቷን ያሳጣኋት እኔ ነኝ። በመንደሩ ሲወራ «ሽማግሌ ፈረደባት» ይባላል። ሽማግሌ ሲባል ብዙ ሰው ስለሆነ ጥፋቱም ለብዙ ሰው ተከፋፍሎ ቀሎ ይታያል። እኔ እንዲያ እንዲቀልልኝ አልፈልግም። ከተቀመጥነው መሀል ቃሉን የተናገርኩት እኔ ነኝ። እሷ ትክክለኛውን ጥያቄ ስትጠይቅ አፏን ያስዘጋኋትም እኔ ነኝ። ይህ ተጽፎ ይቀመጥልኝ።

ነገሩ የሆነው አምና ነው፤ እዚሁ ስማዳ፣ ከወገዳ ወደ ገደሉ ወረድ ብሎ ባለው መንደራችን። መሬታችን ዳገት ነው። አንዱ ማሳ የሌላው ራስ ላይ ተቀምጧል፤ የላይኛው ሰው ሲያርስ ድንጋዩ የታችኛው ሰው ገብስ ላይ ይንከባለላል። ስለዚህ ስንጣላ እንደ ሌላው አገር ወደ ጎን አንጣላም፤ ወደ ላይና ወደ ታች ነው የምንጣላው።

ሴት ከሽማግሌ መሀል ስትቀመጥ በእኛ ዘንድ ብዙ አይታይም። እኔን እዚያ ያስቀመጠኝ የገዛ ወንድሜ ጥፋት ነው። የሟች አጎታችንን የወሰን ድንጋይ ገፍቶ ሲያርስ ሰው ሁሉ አይቶ ዝም አለ። እኔ ሰንበቴ ላይ ተነሥቼ «ድንጋዩን በትከሻህ ተሸክመህ መልሰው» አልኩት። መለሰው። ከዚያ ወዲህ የወሰን ነገር ሲነሣ «እሷም ትምጣ» ማለት ተለመደ። እኔም ለመድኩት። ስጠራ እንዳልሰማ ሆኜ ሁለተኛ እስኪጠሩኝ እቆይ ነበር፤ ይህንንም ልጻፈው።

የምንፈርደው በልማድ ነው። ዛፍ የሚሆነው ሥሩ ላለበት መሬት ባለቤት ነው። የአንዱ ሰው ኮክ ወደ ጎረቤቱ አጥር አዘንብሎ ፍሬው እዚያ ቢረግፍ፣ ፍሬው ያው የተከለው ሰው ነው፤ ጎረቤት የሚቀምሰው ተፈቅዶለት ነው። የተጣሉ ሰዎች ሲመጡ ብዙ አናወራም፤ «ሥሩ የት ነው?» ብለን እንጠይቃለን። በዚህ ጥያቄ ብዙ ሰው አስታርቄበታለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለዛፍ።

ጎረቤቴ ከባሏ ተፋትታ ወደ እናቷ መሬት የተመለሰች ሴት ናት። ያላት መሬት አብዛኛው ጭንጫ ነው። ከጅረቱ ዳር ያለችው ቁራጭ ግን በጋ ከክረምት ውሃ ታገኛለች፤ ድንች ትተክልባታለች፤ ድንቹ ሲነሣ ሽንኩርት ታስገባለች። ቤቷን የምታቆመው በእሷ ነው። ከዚያች ቁራጭ ራስጌ ደረቅ ግድግዳ የመሰለ ገመገም አለ፤ ከገመገሙ በላይ ያለው ማሳ ደግሞ የሌላ ሰው ነው። ላይኛው እያልን እንጥራው።

ሰኔ ሲገባ የጣለው ዶፍ የገመገሙን አፈር ሸርሽሮ ጣለው። ሴትየዋ በማግስቱ ብትወርድ፣ ከጥቁሩ ድንጋይ መሀል ነጭ ድንጋይ እንደ መቀነት ተዘርግቶ አገኘች። በነጩ ውስጥ ደግሞ ቢጫ ነገር ያብለጨልጫል። ቁራሽ ሰብራ ወፍጮ ቤት ይዛው ሄደች። ወፍጮ ቤት የታየ ነገር ከዱቄቱ ቀድሞ ቤት ይገባል። ማታውን «ወርቅ ወጣ» ተብሎ አገር ተሞላ፤ ላይኛውም ሰማ።

ለሽምግልና በምንሰበሰብበት ዋንዛ ሥር የተቀመጥነው ሦስት ነበርን፦ እኔ፣ ቅኔ ያስተምሩ የነበሩ አንድ መሪጌታ፣ እና ጆሯቸው የከበደ አንድ ሽማግሌ። ላይኛው ቀድሞ ተናገረ።

«ድንጋዩ የወጣው ከእኔ መሬት ሥር ነው። ገመገሙ የኔ ማሳ ከንፈር ነው፤ እሷ ያገኘችው ቢወድቅላት ነው።»

«ከመሬትህ ሥርማ ሲኦልም አለ» አለችው። «እሱንም ውሰደው።»

ሰው ሳቀ። መሪጌታ እንኳ ጢማቸውን ይዘው ዝቅ አሉ።

«ወርቅ ከሆነ ለቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ይሁንና እናንተም ታረቁ» አሉ።

«ጉልላቱ ድንች አያበላኝም፣ መሪጌታ።»

እኔ አልሳቅኩም። «ሥሩ የት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሁለቱም አያውቁም። ያን ጊዜ የልጅ ልጄ ትዝ አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ትምህርት ነው የምትማረው፤ ድንጋይ እንዴት እንደተፈጠረ ነው የሚያስተምሯት። «ቆዩ፤ የተማረ ልጠይቅላችሁ» ብዬ ስልኬን ይዤ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ከታች አንገቱን ቀና አድርጎ ያየኛል።

«እምዬ፣ ደህና ነዎት?» አለች።

ድንጋዩን ነገርኳት። በጥቁር ድንጋይ መሀል እንደ መቀነት የተዘረጋ ነጭ፣ ቢጫ የሚያብለጨልጭ።

«ሥር ነዋ። የማዕድን ሥር ሊሆን ይችላል። ሳላየው ግን ምንም አልልም፣ እምዬ።»

«ወዴት ነው የሚሄደው ሥሩ?»

«ምን አሉኝ? አይሰማም።»

«ሥሩ! ወዴት ነው የሚሄድ?»

«ሥሩማ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። የሚነሣው ደግሞ...»

ተቋረጠ። ደጋግሜ ብደውል ያቺ የስልኳ ሴት ብቻ ናት የምታናግረኝ። «ነገ እንያዘው» ማለት ይቻል ነበር። ድንጋይ ነው፤ አይሸሽም። «ሳላየው ምንም አልልም» ያለችውንም ለሰው መንገር ነበረብኝ። እኔ ግን ከጉብታው ይዤ የወረድኩት «ወደ ላይ» የሚለውን ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ይጠብቀኛል። የእኔ የልጅ ልጅ ተጠይቃ መልሳለች። ያ ጣፍጦኛል።

«ሥሩ ወደ ላይ ነው» አልኩ ቁጭ ብዬ። «ከላይኛው ማሳ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ልማዳችን የታወቀ ነው። ገመገሙና፣ ለመቆፈሪያ፣ ከግርጌው እስከ ጅረቱ ያለው ለእሱ ይሁን፤ እሱም ከዳር ካለው ማሳው በለውጥ ይስጣት።»

ሴትየዋ ቁጭ ካለችበት አልተነሣችም። ድምጿንም ከፍ አላደረገችም።

«እትዬ፣ ሥር ወደ ላይ ሲሄድ የት አይተዋል?»

ዕድሜዬን ሙሉ ድንች ስነቅል፣ ጌሾ ስተክል፣ እንክርዳድ ስመነግል የኖርኩ ሴት ነኝ። ወደ ላይ የሚሄድ ሥር አይቼ አላውቅም። በዚያች ሰዓትም አውቀው ነበር። ነገር ግን ከተናገርኩት ቃል መመለሱ ከበደኝና እንዲህ አልኳት፦

«ስምሽን መጻፍ ሳትችዪ የተማረ ልታርሚ ነው?»

እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ ልጅ አዝዬ ነው። ያቺ ሴት ያን ዕድል ያላገኘችው እናቷ ታማባት ስለነበር ነው። ይህንንም አውቅ ነበር።

ነጠላዋን አጣፋች። «እሺ» አለች። «ሥሩ ወደ ላይ ከሆነ ድንቼም ከሰማይ ይወርዳል።» ሄደች።

ላይኛው ከዘመዶቹ ጋር ዶማና ዲጅኖ ይዞ ገባበት። ያልነቀለችውን ድንች ከነግንዱ አፈር አለበሱት። ነጩን ድንጋይ ተከትለው ገመገሙን ሲቦረቡሩት፣ ነሐሴ ላይ ጎርፍ መጣና ያን የደለበ ጥቁር አፈር ጠርጎ ጅረት ከተተው። በለውጥ የተሰጣት ዳር ደግሞ በሬ የሚሰብር ድንጋይ ነው፤ ገብስም አያበቅል። ሴትየዋ ቤቷን ዘግታ፣ በሯ ላይ እሾህ አስደግፋ፣ ወገዳ ወጣች። ምግብ ቤት ሰሃን ታጥባለች ተባለ።

ያ እሾህ ያለበት በር ከቤተ ክርስቲያን መንገዴ ላይ ነው። በሌላ በኩል ዞሬ መሄድ ጀመርኩ። የምዞርበት መንገድ ዳገት ስለሆነ ሰዎች «ጉልበትዎ ተመለሰ እንዴ?» ይሉኛል።

ለመስቀል የልጅ ልጄ መጣች። ድንጋዩ ትዝ ብሏት ኖሮ ሳትቀመጥ «የት ነው?» አለችኝ። ወስጄ አሳየኋት። መዶሻ አውጥታ ነጩን ሰበረች፤ በትንሽ ማጉያ መነጽር አየችው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ መቀነቱን ከላይ እስከ ታች በእጇ ዳሰሰችው። ከዚያ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ።

«ከምድር በታች፣ በጣም ከሥር፣ የቀለጠ አለት አለ። ቅልጥ አለት እንለዋለን። በአጠገቡ ያለ ውሃ ይፈላል፤ የእኛ ፍል ውሃ ከእሱ ጋር ሲተያይ በረዶ ነው። ያ ውሃ በአለት ውስጥ ሲያልፍ ከአለቱ ብረቱን፣ መዳቡን፣ አንዳንድ ቦታም ወርቁን አሟምቶ ይይዛል። ስንጥቅ ሲያገኝ በስንጥቁ ይወጣል። ሲወጣ ይበርዳል። ሲበርድ የተሸከመውን መሸከም ያቅተውና እዚያው በስንጥቁ ግድግዳ ላይ ያስቀምጠዋል።»

«እንደ ቅቤ» አልኳት። «ሲግል ይፈሳል፤ ሲበርድ ይረጋል።»

«ልክ እንደ ቅቤ። ስንጥቁ ሞልቶ ሲረጋ ያን ጊዜ ሥር ይባላል።»

«ሥሩ መሬት ውስጥ ማን ተክሎት?»

መጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ ፊቷ ተለወጠ። እጄን ያዘችና በእጄ ጀርባ ላይ የወጣውን ደም ሥር በጣቷ ተከተለችው።

«ይህን ነው ያልኩዎት፣ እምዬ። እንደ ደም ሥር። የዛፍ ሥር አላልኩም።»

«ወደ ላይ ያልሽውስ?»

«ከምድር ሆድ ወደ ላይ። ውሃው የሚነሣው ከታች ነው ልል ስል ነው የተቋረጠው።» ቀና ብላ የላይኛውን ማሳ አየች፤ ቀጥላ ጉድጓዱን፤ ቀጥላ እኔን። «እምዬ፣ በእኔ ቃል ፈረዱ እንዴ?»

«በቃልሽ አይደለም። በእኩሌታው ነው።»

ቢጫውን ድንጋይ ቤት ወስዳ ምድጃ ውስጥ ጣለችው። ብዙ ሳይቆይ ቤቱን የድኝ ሽታ ሞላው፤ ለእከክ የሚቀባው ድኝ ራሱ ነው የሚሸተው።

«ብረትና ድኝ ነው» አለች። «ያ ፍል ውሃ እዚህ ስንጥቅ ድረስ ተሸክሞ ያመጣው ይህን ነው።»

«ወርቅ ቢሆንስ ኖሮ?»

«ቢሆንም የመንግሥት ነው። ከመሬቱ ላይ ያለው የእናንተ፣ ከሥሩ ያለው የመንግሥት።»

አንድ ሰው የእሱ ላልሆነ ነገር ሲቆፍር አንዲት ሴት የእሷ የሆነውን አጣች። ያሳጣኋት እኔ ነኝ።

በማግስቱ የልጅ ልጄ ጅረቱን ልይ አለችና ተከትያት ወረድኩ። ውሃው በሚታጠፍበት ቦታ ቆማ፣ ወርቅ ያለበት አገር ቢሆን የሚፈለገው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ እንደሆነ ነገረችኝ። ወርቅ ከእናት አለቱ ተሰብሮ ወንዝ ሲገባ ከደለል ጋር ይጓዛል አለች፤ ከባድ ስለሆነ ውሃው ሲደክም ቀድሞ የሚቀመጠው እሱ ነው። እሷ ስለ ወርቅ ትናገራለች፤ እኔ መታጠፊያው ላይ የተቀመጠውን አያለሁ። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ገና ያልደረቀ የጎረቤቴ አፈር ነው። ከውስጡ አንድ የድንች ግንድ ወጥቶ ነበር።

መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በግእዙም ሥርው ነው፤ የዛፉም የሰውነቱም አንድ ቃል ነው» አሉ።

«ያውቁት ነበር?»

«ከማንም በፊት።»

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን ዝም አሉ?»

«አንቺ መልሱን ይዘሽ መጣሽ፤ እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ቅር አለኝ። ፍርዱን እንመልሰው ብዬ ሽማግሌዎቹን አስቀመጥኩ። ላይኛው ተጠርቶ መጣ፤ ክርክርም አላበዛ።

«ጉድጓዱን ትውሰደው፤ ማን ከለከላት?» አለ።

«የሰጠሁህ ጉድጓድ አልነበረም።»

«እርስዎ ሰጡኝ እንጂ እኔ አልሰረቅኩም፣ እትዬ። አሁን ደግሞ ከደህናው ማሳዬ ቁረጥ ሊሉኝ ነው? «ሥሩ ወደ ላይ ነው» ያሉኝ እርስዎ፣ ድኙን የሚያሸቱኝም እርስዎ።»

ስቆ አይደለም የተናገረው። ገመገሙ ሲናድ የራሱ ማሳ ጫፍም አብሮ ወርዷል። እውነቱን ነው። እሱ የለመነውን ነው ያገኘው፤ የፈረድኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከእሱ ቆርጬ ብሰጣት ሁለተኛ በደል ይሆናል።

ከቤቴ ጀርባ፣ ከምንጩ የሚመጣው ቦይ የሚደርስበት ጓሮ አለኝ። ከተዳርኩ ጀምሮ የከብቱን ፍግ የምጥለው እዚያ ነው፤ እጅ ቢተክሉበት ጣት ያወጣል። ያን ለመስጠት ወሰንኩ። የልጅ ልጄ በሕግ የሚጠይቅዎት የለም አለችኝ።

«የሚጠይቀኝ ስለሌለ ነዋ» አልኳት።

የንስሐ አባቴ ቀደም ብለው ስግደት ሰጥተውኝ ነበር። ሰገድኩ። ወገዳ መውጣት ከስግደቱ ይከብድ ነበር። የገበያ ቀን ነው የሄድኩት፤ ምግብ ቤቱ ጓሮ ውስጥ አገኘኋት፤ ድስት ገልብጣ ቂጡን በአመድ ትፈትጋለች። አየችኝና መፈተጓን አላቆመችም።

«ምን እግር ጣለዎት፣ እትዬ?»

«ተሳስቻለሁ። የልጅ ልጄ ሥር ያለችው ሌላ ነገር ኖሯል። ከጓሮዬ መሬት ልሰጥሽ መጣሁ።»

«መሬት ነው ወይስ ይቅርታ ነው ይዘው የመጡት?»

«ሁለቱንም።»

ድስቱን አዙራ አየችው። «መሬቱን እቀበላለሁ» አለች። «ይቅርታው ይቆይ። መጀመሪያ የጠየቅኩዎትን ይመልሱልኝ።»

«ምን ጠየቅሽኝ?»

«ያውቁታል። እዚህ አይደለም ደግሞ። እዚያው ዋንዛው ሥር፣ ያኔ የነበረው ሰው ባለበት።»

የእሁድ ቅዳሴ ሲያበቃ ሰው ዋንዛው ሥር ተሰበሰበ። ቆምኩ። «ያን ዕለት ይህች ሴት ሥር ወደ ላይ ሲሄድ የት አይተዋል ብላ ጠየቀችኝ» አልኩ። «የትም አላየሁም። ያን ጊዜም አላየሁም። መሳሳቴን እያወቅኩ አፏን አስዘጋኋት። ስሟን መጻፍ ባለመቻሏም ሰደብኳት፤ እሱም ሐሰተኛ ፍርድ ነው።»

ጆሯቸው የከበደው ሽማግሌ «ምን አለች?» ብለው ጠየቁ። መሪጌታ ጮክ ብለው «ተሳሳትኩ አለች» አሏቸው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ተባለ።

ሴትየዋ ወደ መንደሩ ተመለሰች። እሾሁን ከበሯ አነሣች። ጓሮዬን ቆፍራ ድንች ተከለች። በጋውን ሙሉ ከቦዩ ውሃ ስትስብ በቤቴ ጀርባ ስትመላለስ እሰማታለሁ። ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ከሰላምታ አልፎ የሄደ ነገር የለም። ሌሎች ሴቶች «ይቅር አለችሽ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ «ጠይቁልኝ» እላቸዋለሁ፤ የሚደፍር የለም። እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኳትም። ፍርድ የሚጠብቅ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ ያወቅኩት ያን በጋ ነው። ሽምግልና ሲጠሩኝም አልሄድኩም፤ «አሁን ጉዳይ አለኝ» እላለሁ። ጉዳዬ ያ ነበር።

ድንቹ አብቦ፣ አበባው ረግፎ፣ ቅጠሉ መገርጣት ሲጀምር አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ዋንዛው ሥር ተቀምጠን ሳለ መጣች። አንድ ግንድ ድንች ከነቅጠሉ፣ ከነአፈሩ ነቅላ ይዛለች፤ ድንቾቹ ከታች እንደ ጡት ተንጠልጥለዋል። ሰው ለማየት ቀረብ አለ። ጎንበስ ብላ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው፤ አፈሩ ቀሚሴ ላይ ተበተነ። የእኔ አፈር ነው፤ ግን ከእሷ እጅ ነው የመጣው። ቀና ብዬ አየኋት።

«አይቼዋለሁ፣ እትዬ» አለችኝ። «ሥሩ ወደ ታች ነው የሄደው።»